ሰላምታ የማትጠብቀው መምህርት

የዚያን ቀን በሰቆጣው ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል የተገኘነው የሳይንስ መምህሩ፣ ጎረቤታችን ቄሱ፣ ከፃግብጂ የመጣችው እህቴና እኔ ነን። ወላጆች አዲሱን ትምህርት ይዩ ተብለን ነው። እኔ ግን የሄድኩት ኮምፒውተሩ ሩቅ ያለ ሰው ያሳያል ሲሉ ሰምቼ ነው። ሰሃላ የምታስተምረው ልጄ ለምለም ከሄደች ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም።

መምህሩ አንድ ነገር ሲነካ ግድግዳው ላይ አንዲት መምህርት ብቅ አለች።

«እንደምን አላችሁ?» አለችን።

ሁላችንም ብድግ አልን። «እግዚአብሔር ይመስገን! እናንተ ዘንድ ዝናቡ እንዴት ነው?» ብላ እህቴ ስትጠይቃት፣ ሴትዮዋ መልስ ሳትሰጥ ስለ ልብ ማስተማር ጀመረች። ሰላምታ ሳይጨርስ ሥራ የሚጀምር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል?

«የከተማ ሰው ችኩል ነው» አሉ ቄሱ።

«አባ፣ የተቀዳ እኮ ነው» ብሎ መምህሩ አቆማት። እጇን እንዳነሳች ደርቃ ቀረች።

«ኧረ ልጄ፣ ክንዷ ይዝላል፣ ልቀቃት!» አልኩት።

ሲለቃት ካቆመችበት ቃል ቀጠለች። የሰው ልብ ሲመታ አሳየችን፤ ሳላውቀው የራሴን ደረት ያዝኩ። እንዲህ ያለ ጉድ አይቼ አላውቅም።

«ለምለምንም አምጣልኝ» አልኩት ቀስ ብዬ።

«እማማ፣ እሷ ያለችበት ቦታ ኔትወርክ የለም» አለኝ።

እንግዲህ እናንተን ልጠይቅ፤ ከሰሃላ የመጣችሁ ካላችሁ፣ መምህርት ለምለም ደህና ናት?