ጠጅ ሳር ከአልጋ ሥር

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። እኔ ግን ይህን ተረት ካመጣው ሰው ጋር አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ብከራከር ደስ ይለኛል። የፈሩት ነገር እንዲሁ አይደርስም። መንገዱን ጠርገን፣ በሩን ከፍተን፣ "ኖር፣ ግባ" ብለነው ነው የሚደርሰው። በደንብ የፈራ ሰው በደንብ እንደ ደገሰ ሰው ነው፤ እንግዳው ሳይመጣ አይቀርም።

እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ፤ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ግን ፍርሃትን እንደ ሥራ ያዝኩት። ሳሮን ካሳላት እፈራለሁ። ሳታስል ከዋለች ደግሞ ምን ሆና ነው ብዬ እፈራለሁ። ባለቤቴ ግርማ ቱክዊላ የሚባል ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ሲያነሳ ነው የሚውለው። አንድ ቀን ሥራ ቦታው ኮል አድርጌ ልጅቷ ዛሬ በጣም ዝም ብላለች ብለው፣ ዝም ካለች አንቺስ ለምን ዝም አትዪም አለኝ። ለወንድ ምን ይነገረዋል?

በግርማ ዲቪ ከመጣን ሁለት ዓመታችን ነው። የምንኖረው ሲያትል፣ የአንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ስማቸው ካርል ነው፤ እኛ ጋሽ ካርል እንላቸዋለን፤ እሳቸውም ለምደውት አቤት ይላሉ። ጓሯቸው ውስጥ ሦስት የንብ ቀፎ አለ። ቀፎ ስላችሁ ያ ዛፍ ላይ የሚሰቀለው ረጅሙ እንዳይመስላችሁ። ነጭ ቀለም የተቀቡ፣ ፎቅ በፎቅ የተደራረቡ ሳጥኖች ናቸው። ንቦቹ ፎቅ ላይ፣ እኛ ምድር ቤት። ይህም አይከፋኝም።

ንቦቹን የጀመሩት ሟች ሚስታቸው ነበሩ። አሁን የጋሽ ካርል እጅ ይንቀጠቀጣል፤ በሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ንብ አይነካም። ስለዚህ ብርዱ አልፎ ፀሐይ ሲወጣ (እዚህ አገር ሰኔና ሐምሌ ፀሐይ ነው፤ ይህንንም ለመልመድ ዓመት ፈጅቶብኛል) የሳቸው እጅ እኔ ሆንኩ። እሳቸው ወንበር ላይ ሆነው ያዝዙኛል፤ እኔ በመረብ ተሸፍኜ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የምትጨመቀዋን ጢስ ማጨሻ ይዤ እንቀጠቀጣለሁ። ሁለት የሚንቀጠቀጡ ሰዎች ተጋግዘው አንድ የማይንቀጠቀጥ ሰው ይወጣቸው ይሆን? ወጣን እንጂ! ንቦቹ ውሃ የሚጠጡበትን ሳህን እሞላለሁ፤ እንዳይሰምጡ ጠጠር እጨምርበታለሁ። ሳጥኑ ማር ሲሞላ ባዶ ሳጥን እደርብላቸዋለሁ። በየሳምንቱ ደግሞ ከፍቼ፣ ለውዝ የመሰለ አዲስ የአውራ ንብ ቤት ሠርተው እንደሆነ አያለሁ። እሱን ከሠሩ ቤት ጠቧቸዋል፤ ግማሾቹ ሊሰደዱ ነው ማለት ነው። ንብን ከማስረዳት ይልቅ ስደትን ለኔ ማስረዳት ይቀላል፤ ወዲያው ገባኝ።

ሰኔ ላይ ሳሮንን አንዲት ንብ ክንዷ ላይ ነደፈቻት። ዓይኗ ተደፈነ፣ ሰውነቷ ሽፍ አለ፣ ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ። ሐኪሙ አዳናትና፣ ዳግመኛ ከተነደፈች ጉሮሮዋ ሊዘጋ ይችላል አለን። አራት ዓመቷ ነው። አንገቷ የኔን የእጅ አንጓ ያህላል።

ብዕር የመሰለ መርፌ ሰጡን። ነርሷ ባዶ መለማመጃ ይዛ ራሷ ጭን ላይ አንዴ አሳየችኝና ገባሽ ወይ አለችኝ። ኦኬ አልኳት። እኔ እንግሊዝኛ ካልገባኝ ኦኬ እላለሁ፤ ከገባኝ ዝም እላለሁ። ከአራተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ አብሮት የመጣው ወረቀት ለኔ ጉንዳን የሄደበት ይመስለኛል። ግርማ በአማርኛ ጽፎ ፍሪጁ ላይ ለጠፈልኝ፦ "ክዳኑን ንቀይ። ጥቁሩን ጫፍ ጭኗ ላይ አጥብቀሽ ተጫኚ። አሥር ድረስ ቁጠሪ።" እንደ አባታችን ሆይ በቃሌ ያዝኩት።

ጋሽ ካርል ነገሩን ሰሙ። ሊንውድ የሚባል ከተማ የሚኖር ወዳጃቸው ንቦቹን እንደሚወስድ፣ ማሩ እስኪቆረጥ ግን ሁለት ሳምንት እንድታገሳቸው ለመኑኝ። የሚስታቸው ንቦች! ምን ልበል? ኦኬ አልኩ። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀፎው አጠገብ ድርሽ አላልኩም። ሳጥን አልደረብኩም፣ የአውራ ቤት አላየሁም። እሳቸውም ብቻቸውን ማንሳት አይችሉም።

ፈሪ ሰው ደግሞ ሁለት ሳምንት እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ቸርች የማውቃት አንዲት ሴት የጠጅ ሳር ሽታ ትንኝ ያባርራል አለችኝ። እኔም ተመራመርኩ። ትንኝ ክንፍ አላት፤ ንብም ክንፍ አላት። ስለዚህ ያባርራል! የቬትናሞች ሱቅ ሄጄ አምስት እስር ጠጅ ሳር ገዛሁ። ወቀጥኩት፤ ከሳሮን አልጋ ሥር ጎዘጎዝኩ፤ የመስኮቱን እንጨት ዙሪያውን አሸሁት። ክፍሉ ሽታው ልዩ ሆነ። አማቴ እማማ ጥሩነሽ ልጅ ሊጠይቁ መጥተው እኛው ጋ ነበሩ፤ አንዲት ንብ ሰው ትገድላለች ቢሏቸው አያምኑም። ባላቸው ጎጃም ውስጥ ባለ ብዙ ቀፎ ሰው ነበሩ፤ እማማም ቢያሸቱት ያውቁት ነበር። ግን ያን ሰሞን ጉንፋን ይዟቸው አፍንጫቸው ተደፍኗል። ያ ጉንፋን ባይኖር እኔም ይህን አልጽፍ፣ እናንተም አታነቡ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። ግርማ ሥራ ገብቷል፣ ሳሮን ተኝታለች። ሙቀት ስለነበር የክፍሏን መስኮት ገርበብ አድርጌያለሁ፤ የመስኮቱ ወንፊት ጥጉ ላይ የተቀደደውን በካርቶን ደፍኛለሁ፤ ዕቃ አጥባለሁ። ከባድ መኪና ጓሮ የገባ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው እማማ ጥሩነሽ ውጭ ሆነው እልልታቸውን አቀለጡት።

ሰው አገር እልል የሚያሰኝ ምን ተገኘ ብዬ ስጠይቃቸው፣ "ንብ ወጣ! ሲሳይ ነው! ንብ በፈቃዱ የገባበት ቤት በረከት ገባበት፤ እንዳትነኪያቸው፣ አንቺም እልል በይ!" አሉኝ።

ወዴት እየሄዱ ነው አልኳቸው።

"ወደ ልጅቷ መስኮት!" አሉ በደስታ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ካርቶኑ ወድቋል። መጋረጃው የለም፤ በቦታው ቡናማ፣ የሚንቀሳቀስ፣ የሚጮህ ነገር ተንጠልጥሏል። ሳሮን አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አፏን ከፍታ ታያቸዋለች። "ማሚ፣ ሉክ!" አለችኝ፣ በሹክሹክታ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወደ ኩሽና ሮጥኩ። የተሰደደ ንብ ሆዱን ሞልቶ ስለሚወጣ ሰው አይነካም፤ ይህን ጋሽ ካርል አስተምረውኛል። ግን አንዲቱን ከብርድ ልብሱ ጋር አብሬ ጠቅልዬአት ኖሯል። ተጠቅልሎ ማን አይናደፍ? አንገቷ ላይ ነደፈቻት።

ከንፈሯ ዓይኔ እያየ አበጠ። መርፌውን ከፍሪጁ ላይ አወረድኩ። ክዳኑን ነቀልኩ። እጄ ግን ብዕር ያዘ፤ ብዕር ደግሞ በአውራ ጣት ነው የሚጫኑት። አጥብቄ ተጫንኩ። አሥር ድረስ ቆጠርኩ፤ አንድም አልዘለልኩም። ስጨርስ መርፌው የተሰካው ጥቁሩን ጫፍ በተጫነው የኔ አውራ ጣት ላይ ነበር።

የነበረን አንድ መርፌ ነው።

ጋሽ ካርል ጩኸቴን ሰምተው አምቡላንስ ጠሩ። እስኪመጣ ድረስ ልጄን አቅፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የሷ መድኃኒት በኔ ደም ውስጥ ይሮጣል፤ የኔ ልብ ደረቴን ሊሰብር ይመታል፤ የሷ ትንፋሽ እንደ ክር እየቀጠነ ነው። ጣቴን አፏ ውስጥ ጨምቄ ልመልስላት አሰብኩ። አትፍረዱብኝ። እማማ ጥሩነሽ የበሩ ደፍ ላይ ቆመው፣ ቅድም እልል ባለው አፋቸው እግዚኦ ይላሉ።

የአምቡላንሱ ሰዎች ደረሱ። ጭኗ ላይ ወጓት። አለቀሰች። በሕይወቴ የወደድኩት ለቅሶ እሱ ብቻ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ከሆስፒታል ስንመለስ ክፍሉ ውስጥ ንብ የለም። ጋሽ ካርል በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ብቻቸውን አውርደው ካርቶን ውስጥ ከትተዋቸዋል፤ እጃቸው አብጦ ጓንት መስሏል። መስኮቱን አሸተቱ። ወጥተው ትንሽ ጠርሙስ ይዘው መጡ። የኮበለሉ ንቦችን ወደ ባዶ ሳጥን ለመጥራት ጠብ የሚያደርጉት ነው። ከፍተው አፍንጫዬ ሥር ያዙልኝ። ጠጅ ሳር!

የእማማ ጥሩነሽም አፍንጫ በጊዜው ተከፍቶ ነበር። "አንቺ ልጅ፣ እኛ አገር ባዶ ቀፎ በምን የሚታሽ መሰለሽ?" አሉኝ። ቁጣ እጠብቅ ነበር፤ ግን ቁጭ ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "አንቺስ ሳታውቂ ጠራሽ። እኔ ዓይኔ እያየ እልል አልኩላቸው" አሉ። ከዚያ ወዲህ የሰው ሠርግ ላይ እንኳ እልል ሲሉ አልሰማሁም።

የሊንውዱ ሰውዬ ቀፎዎቹን ጭኖ ሄደ። ጓሮው ውስጥ የቀረው ቀፎው የቆመበት ጡብ ነው። ጋሽ ካርል ዛሬም ጠዋት ጠዋት ወጥተው ያንን ሳህን ውሃ ይሞላሉ፣ ጠጠሩን ያስተካክላሉ። በመስኮት አይቼ ዓይኔን እመልሳለሁ። ቀፎውን ማየት የተውኩት እኔ፣ ሽታውን የጎዘጎዝኩት እኔ፣ ቤቱ ጭር ያለባቸው እሳቸው።

ባለፈው ሳምንት አዲስ መርፌ ልንቀበል ሄድን። ነርሷ ያችው ናት። አሁንም በድን የሆነውን አውራ ጣቴን አገላብጣ አየችው፤ መለማመጃውን ሰጥታ ሦስት ጊዜ ጭኔ ላይ አስወጋችኝ። ከዚያ አንድ ሳይሆን ሁለት መርፌ አስቀመጠችልኝ። ለምን ሁለት አልኳት።

አንዱ ለልጅሽ ነው አለችኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል፤ ሌላው ለአውራ ጣትሽ።

ገባሽ ወይ ስትለኝ፣ ኦኬ አላልኳትም። ዝም አልኩ።