ልቤ አነሰ ተብዬ ትራክተር ተከለከልኩ

ዛሬ ሐኪም ቤት የጮህኩት ጩኸት ያልደረሰው የከሚሴ ሰው ካለ ይኸው ልንገረው!

ነገሩ የሚጀምረው በደርግ ጊዜ ነው። እኔና ታላቅ ወንድሜ ሰይድ፣ ጨፋ ባለው የመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር ነጂነት ልንሠለጥን ተመዘገብን። እሱ ሞተር ሲነሳ ጆሮውን የሚይዝ ሰው ነው። እኔ የአባቴን ወፍጮ ሞተር ፈትቼ የምገጥም ጉድ!

ለጤና ምርመራ ደሴ ወስደው ራጅ አነሱን። መርማሪው የሁለታችንን ፊልም መስኮት ላይ ጎን ለጎን ይዞ አየና፣ "ጓዲት፣ ልብሽ ከወንድምሽ ልብ ያንሳል። ትራክተር አትችይም" አለኝ።

በቃ!

ሰይድ አለፈ። እኔ የእርሻው ወጥ ቤት ተመደብኩ።

ይባስ ብሎ የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ላይ፣ "ጓድ ሰይድ ሙሉ ልብ እንዳለው ተረጋግጧል! እህቱ ግን የልብ ጉድለት አለባት" ብሎ አስጨበጨበ። እኔ እኮ ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ!

ወሬው ባቲ ገበያ ደረሰ። ያጨኝ ልጅ ቤተሰቦች፣ "ልብ የጎደላት ለኛ አትሆንም" ብለው ላኩብን። አባቴ፣ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ተያቸው። አላህ የተሻለውን ያመጣል" አለኝ።

የተሻለው መጣ፣ አልሐምዱሊላህ። እሱም ታዲያ ባልዲ ባነሳሁ ቁጥር "ኧረ ልብሽን!" እያለ እንደ እንቁላል ይዞኝ ኖረ።

ሰይድስ? ገና ሥራ ሲጀምር ትራክተሩን ቦርከና ወንዝ ውስጥ ነከረው። ማንም ልቡን አልለካውም!

ዛሬ ልጄ ጎትታ አልትራሳውንድ አስነሳችኝ። ሐኪሟ ስክሪኑን እያየች፣ "እናቴ፣ ልብዎ ደህና ነው" አለችኝ።

"ትንሽ አይደለም?"

"የሴት ልብ ክፍሎች ድሮም ከወንድ ያንሳሉ። በዕድሜ ደግሞ የታችኛው የግራ ክፍል ጠበብ፣ የላይኛው ሰፋ እያለ ይሄዳል። የእርስዎ ለሴትም ለዕድሜዎም ልክ ነው። ከወንድ ጋር እኮ አይተያይም!"

"ከሰይድ ጋር ነው ያስተያዩኝ!" ብዬ ጮህኩ። ወላሂ፣ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ።

ተራ ጠባቂው ሁሉ ሰው የሞተ መስሎት በሩን በርግዶ ገባ። እኔ ደረቴ በጄል ርሶ፣ ሻሌን እየጎተትኩ ደርግን እራገማለሁ!

ልጄ በሀፍረት ኮሪደር ላይ ተደበቀች።

ሰይድ ጋ ደውዬ ነገርኩት። "ታዲያ አሁን ትራክተር ልትነጂ ነው?" ብሎ ሳቀ። ዘጋሁበት። ንዴቱ ግን አልበረደልኝም። ወጣትነቴን ማን ይመልስልኛል?

እስቲ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፦ ከሚሴ ውስጥ ለአሮጊት መንዳት የሚያስተምር ደፋር አለ? ባጃጅም ይሁን!