ሰው ለምን ጠፋ? የተሰኘው ታላቅ ውይይታችን

እምነት በዚህ ዘመን ምን ያህል እንደተፈተነ ለማወቅ የሚሻ ወደ ከተማችን ይምጣና ይጠይቀን፤ እኛ ተወያይተንበታል። ተወያይተንበታል ስንልም በዋዛ አይደለም። በኡራጓይ ምድር በወተትና በአይብ የሚተዳደሩ ከተሞች ሞልተዋል። ነገር ግን «እምነትና ቤተ ክርስቲያን በተለዋዋጭ ባህል ውስጥ» በሚል መሪ ቃል ቋሚ የውይይት መድረክ ያቋቋመች፣ ለመድረኩ ዐቢይ ኮሚቴ፣ ለዐቢይ ኮሚቴውም ንኡስ ኮሚቴ የሰየመች የእኛይቱ ብቻ ናት። አያቶቻችን ስለ እምነታቸው ከኢጣሊያ ተራሮች ሲሰደዱ ቢያንስ የሚያሳድዳቸው ነበራቸው። እኛን የሚያሳድደን ጠፋ፤ ይባስ ብሎ የሚከተለንም ጠፋ። ወጣቱ ቀረ። አዲስ ሰው አልመጣ አለ። የሕማማት ሳምንትን አገሩ ሁሉ የቱሪዝም ሳምንት ብሎ ድንኳኑንና ማጥመጃውን ይዞ ወደ ባሕር ይሄዳል። እኛም እጃችንን አጣጥፈን ከምንቀመጥ እጃችንን አጣጥፈን ለመወያየት ወሰንን።

ለሊቀመንበርነት የተመረጠው ጡረታ የወጣው የታሪክ መምህር ደልማር ቱርን ነበር። ደልማር ደግ ሰው ነው፤ በጉርብትናም በወዳጅነትም ማንም አያማውም። አንድ ጠባይ ብቻ አለችው፦ ጥያቄ ሲቀርብለት ወዲያው መመለስ ነውር ይመስለዋል። አንድ ጊዜ በአደባባዩ ላይ አንዲት መንገደኛ የአውቶቡስ ማቆሚያው የት እንደሆነ ብትጠይቀው «ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው» ብሎ ጀመረ፤ አውቶቡሱ አመለጣት። እንዲህ ያለ ሰው ለውይይት መድረክ የተፈጠረ ነው።

የመጀመሪያው ስብሰባ በወንበሮች አቀማመጥ ላይ ሰፊ ውይይት አደረገ። ክብ ሠርቶ መቀመጥ የዘመኑ መንፈስ ነው ያሉ ነበሩ፤ አባቶቻችን በረድፍ ነው የተቀመጡት ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ በመቻቻል መንፈስ ግማሹ በክብ፣ ግማሹ በረድፍ እንዲሆን በጭብጨባ ጸደቀ። በረድፍ የተቀመጥነው የክቡን ጀርባ እያየን ስለ አብሮነት ተወያየን።

ሁለተኛው ችግር ሰዓቱ ነበር። በሥራ ቀን ምሽት የሚመጣ ሰው ጥቂት ሆነ። የአይብ ፋብሪካ ባለቤት የሆነው ኦሜሮ ጎኔት፣ ከደልማር ጋር አብሮ ያደገና እስከ ዛሬም ሳይከራከረው ውሎ የማያውቅ ሰው፣ አንድ ሐሳብ አፈለቀ።

«እሑድ ረፋድ ላይ ብናደርገውስ? ሰው ሁሉ ያን ሰዓት ለቤተ ክርስቲያን ብሎ ነፃ ያደርገዋል።»

«ድንቅ!» አለ ደልማር። «ቦታውንም እንቀይር። ባህሉ እስኪመጣልን አንጠብቅ፤ እኛ ወደ ባህሉ እንውጣ።»

ስለዚህ ወደ ባህሉ ወጣን። ባህሉ ያለው አደባባዩን ተሻግሮ፣ ሽማግሌዎች የእንጨት ኳስ የሚያንከባልሉበትና ካርታ የሚጫወቱበት ክለብ ውስጥ ነበር። ለቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ቅርብ ነው፤ የፈላ ውሃም አለ፤ ማቴ የምንለው የቅጠል ሻይ ጽዋችን ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ በሞራ የተጠበሰ ቂጣ እየቀረበ፣ ተሳታፊው ከሳምንት ሳምንት ጨመረ። ኮሚቴው ይህን የመንፈስ መነቃቃት ብሎ ፈረጀው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ የሚነሳበት አንባቢ ይኖራል፦ የእሑዱ የአምልኮ ሥርዓትስ? እኛም ዘግይተን ነው የተነሳብን። አምልኮው ይቅር ብሎ የወሰነ የለም። እንዲህ ያለ ውሳኔ በማንም አልተላለፈም። ብቻ እያንዳንዳችን እኔ ባልሄድ ሌላው ይሄዳል አልን። በኋላ ሁላችንም ክለብ ውስጥ መሆናችንን ስናይ ደግሞ፣ እንግዲያው ተዘግቶ መሆን አለበት አልን።

መጋቢያችን ሚርታ ዳቪት የሦስት ከተማ ምእመናን በአንዲት አሮጌ መኪና የምታዳርስ ሴት ናት። አንድ እሑድ በስልክ የድምፅ መልእክት ላከችልን። የኮሚቴው ጸሐፊ ኑቢያ ሮስታን ስልኩን ከፍ አድርጋ አሰማችን።

«ወንድሞችና እህቶች፣» ይላል ድምፁ፣ «የት ናችሁ?»

ሌላ ነገር የለውም። ደልማር መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን ጠረገ።

«ሰማችሁ?» አለ። «የት ናችሁ! የዘመናችን ጥያቄ በሁለት ቃል!»

«ጥልቅ ነው፤» አለ ጎኔት።

«እንዳንቸኩልበት፤» አለ ደልማር።

አልቸኮልንም። በሦስት ቡድን ተከፈልን፦ አንደኛው ቡድን «የት» በሚለው ላይ፣ ሁለተኛው «ናችሁ» በሚለው ላይ፣ ሦስተኛው ደግሞ በድምፅዋ ቃና ላይ ተወያየ። ለመጋቢዋም «ላቀረቡልን ታላቅ ጥያቄ እያመሰገንን በሂደት ላይ መሆናችንን እንገልጻለን» የሚል ምላሽ ተላከላት። እሷም ከዚያ በኋላ አልጠየቀችንም። ምላሻችን አርክቷታል ብለን ደስ አለን።

ነገሩ የተበላሸው ጎኔት ከመጠን በላይ ያሰበ ዕለት ነው።

«ሁልጊዜ ስለ ጠፉ ሰዎች እናወራለን፤» አለ። «አንድ የጠፋ ሰው እንኳ ጠርተን ለምን ጠፋህ ብለን አናውቅም። አንድ የጠፋ ሰው ያስፈልገናል።»

«ከየት እናመጣለን?» አለ ደልማር። «የጠፋ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።»

«ምን ሩቅ ያስኬደናል? ኤቴል አለች አይደል?»

«የትኛዋ ኤቴል?»

«ያንተዋ ነቻ፣ መምህር። ሚስትህ።»

ደልማር ሳቀ። ከዚያ ወደ ኋላ ወንበሮች ዞሮ ተመለከተ። ኤቴል ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ የምታዳምጠው ይመስለው ነበር። የለችም። ሴቶቹም መሬት መሬት አዩ።

«መቼ ነው የቀረችው?» አለ።

«ክለብ ከገባን ጀምሮ መጥታ አታውቅም፤» አለች ኑቢያ ቀስ ብላ። «እኛማ የምታውቅ መስሎን ነበር።»

ሰው ለምን እንደጠፋ በመመራመር አገር ሁሉ የሚያውቀው ደልማር ቱርን፣ ከገዛ ማእዱ የጠፋውን ሰው ሳያይ ኖሯል። ያን ዕለት ወደ ቤት ሲሄድ ኤቴልን የመጨረሻ ጊዜ አንድ ነገር የጠየቃት መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ። የማቴው ቅጠል የት ነው ብሎ ከመጠየቅ በቀር ምንም አልመጣለትም።

ኤቴል ጓሮ የታጠበ ልብስ ታሰጣ ነበር።

«ኤቴል፣ እሑድ እሑድ እኔ ከወጣሁ በኋላ የት ነው የምትሄጂው?»

«ቤተ ክርስቲያን።»

ደልማር አሰላሰለ። «ቤተ ክርስቲያን ስትዪ… በየትኛው ትርጉም?»

ኤቴል የልብስ መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች። «በር ባለው ትርጉም።»

«ተዘግቶ የለም እንዴ?»

«ማን ዘጋው?» አለችና አንሶላውን በመካከላቸው ሰቀለችው።

ደልማር ይህን ለኮሚቴው አቀረበ። ኮሚቴውም መልሱን በየፈርጁ መረመረው። ኑቢያ ምሳሌያዊ ነው አለች። ጎኔት ግን ጎንበስ ብሎ በጆሮው፣ «ሰማያዊውን ካፖርት ነው የምትለብሰው፤ ከንፈሯንም ትቀባለች። ሚስቴ አይታታለች። እኔ ምንም አላልኩም» አለው። ምንም ያላለው ሰው እንዲህ ካለ ደልማር ሳምንቱን ሙሉ እህል ቢያስጠላው አይፈረድበትም። በዕድሜው የማያውቀው ቅናት መጣበት። አቤት፣ ሰው በስተርጅና የሚስቱን ካፖርት ይሰልላል!

በተከታዩ እሑድ ደልማር በታሪካችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከውይይት ቀረ። ጥግ ካለው የዳቦ ቤት ሆኖ ጠበቀ። ኤቴል ሰማያዊ ካፖርቷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ተቀብታ ወጣች፤ አደባባዩን ተሻገረች። እሱም ዛፍ ለዛፍ እየተከለለ ተከተላት። ያስተማራቸው ልጆች ቢያዩት ምን ይሉ ነበር! እሷም ቀጥ ብላ ሄዳ፣ በር ባለው ትርጉም፣ ቤተ ክርስቲያን ገባች።

ደልማር ደረጃው ላይ ቆመ። ከውስጥ መዝሙር ይሰማል። የአንዲት መጋቢና የአንዲት አሮጊት መዝሙር አልነበረም፤ የብዙ ሰው ነበር፤ ከሙዚቃው ጋርም ከበሮ አለበት። በሩን ገፋ አደረገ።

አንዲት ወጣት ሴት ፈገግ ብላ መዝሙር የተጻፈበትን ወረቀት አስያዘችው። ከኩባ መጥተው ወተት ማቀነባበሪያው ውስጥ ከሚሠሩት አንዷ ናት፤ በአነጋገሯ ያስታውቃል።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አባባ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው?»

አያቱ የዚህን ቤት መሠረት ድንጋይ ያኖሩ ሰው፣ «አዎ» አለ።

«አይፈሩ፤ ደስ በሚልዎት ቦታ ይቀመጡ። እኔ ሊስዳይ እባላለሁ።»

ደልማር ዙሪያውን ተመለከተ። ስልክ የሚጠግነው፣ አንገቱ ድረስ የተነቀሰው ወጣት አለ። ከባሏ የተፋታችውና ስትገባ ሁላችንም ዞረን እናያት የነበረችው የፋርማሲ ሠራተኛ አለች። የጎኔት ቤተሰብ አግዳሚ ላይ፣ ጎኔት ያልሆነ ሰው ተቀምጦበት በማያውቀው፣ አንድ ኩባዊ ሕፃን ታቅፎ ተቀምጧል። እኛ ስንወያይባቸው የኖርነው ሁሉ በየወንበራችን ላይ ነበሩ።

ጸሎት ሆነ። ያሻው እየተነሳ ይጸልያል። ከፊት ኤቴል ተነሳች።

«ጌታ ሆይ፣ ባለቤቴን አስብልኝ፤» አለች። «ወደ ቤቱ እንዲመለስ።»

«አሜን!» አለ ቤቱ በሙሉ፣ ነገሩን አስቀድሞ እንደሚያውቅ ሰው።

ሊስዳይ ወደ ደልማር ጠጋ ብላ ሹክ አለችው። «ምስኪን እትዬ ኤቴል! በየሳምንቱ ነው የምትጸልይለት። ጥሏት ሄዷል መሰለኝ።»

ደልማር ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ ጠየቀ። «ወዴት ሄደ ይላሉ?»

«እኔ እንጃ፤ ክለብ ነው አሉ የሚውለው። እዚህም ሳለ ወሬ ያበዛ ነበር አሉ። ግን ክፉ ሰው አይደለም ትላለች እሷ።»

ደልማር ስለዚህ ጉዳይ የሚናገረው ብዙ ነበረው። መድረክም ለምዷል። ነገር ግን በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ዝም አለ። ቀስ ብሎ ሄዶ ከሰማያዊው ካፖርት ጎን ተቀመጠ። ኤቴል አልዞረችም።

«ቆየህ፣» አለችው፣ «አንተ ሽማግሌ።» መዝሙሩንም ግማሽ በግማሽ እንዲያይ ወረቀቷን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። እሱ ግን ፊደሉ ሁሉ በእንባ ተቀላቅሎበት አንዱንም አላነበበም።

ከአምልኮ በኋላ ወደ ክለቡ መጣ። ውይይታችን እንደ ልማዱ ስላላለቀ ደረሰብን። ጎኔት ወንበር ሳበለት።

«እ፣ አገኘሃት? ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ቤተ ክርስቲያን። ማንም አልዘጋውም፤ እኛ ነን ወጥተን የቀረነው። ሞልቷል።»

«ማን ሞላው?»

ደልማር እነማን እንደሆኑ ነገረን። እያንዳንዱ ስም ሲጠራ አንዳንዳችን እንተነፍስ ነበር።

«መቼ ነው መምጣት የጀመሩት?» አለች ኑቢያ፣ ለቃለ ጉባኤው።

«እኛ ስንወጣ።»

ጎኔት የማቴውን ጽዋ አስቀመጠ። «የኛ አግዳሚ ላይስ… ሰው አለ?»

«ሕፃን የታቀፈ ሰው።»

«አባቴ በተቀመጠበት!» አለ ጎኔት፤ ወዲያው ግን አፈረና፣ «ሕፃኑ ደህና ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ከዚያ በኋላ አዳራሹ ተናወጠ። እንመለስ፣ እንቀበላቸው፣ አቅጣጫ እናሳያቸው፣ በነሱ ጉዳይ የሚመክር ግብረ ኃይል እናቋቁም የሚል ሐሳብ ከየማእዘኑ ጎረፈ። ደልማር እጁን አነሳ።

«ብትመጡ እኔ ደስታዬ ነው፤» አለ። «ቦታም አይጠፋም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ፦ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ?»

ጥያቄው በአጀንዳነት ተያዘ። ሰፊና ግልጽ ውይይት ተካሄደበት። የከተማችን ሰው ብዙ ጉድለት ቢኖርበትም ውሸታም አይደለም፤ ስለዚህ እንደማንችል በሙሉ ድምፅ ወሰንን። በውሳኔው መሠረት ለቤተ ክርስቲያን ዕድገት ስንል ላልተወሰነ ጊዜ ክለብ ውስጥ እንድንቆይ ጸደቀ። ማኅበራችን ከተመሠረተ ጀምሮ ለእምነት የተከፈለ እንዲህ ያለ መሥዋዕትነት የለም፤ ጎኔት እንዲያውም ንግግር አድርጎበታል።

ደልማር ቱርን ከሊቀመንበርነቱ ለቀቀ። በአሁኑ ሰዓት ከጠፉት ወገን ተመድቧል፤ ለምን እንደጠፋ የሚያጠና ንኡስ ኮሚቴም ሥራ ጀምሯል። ቤተ ክርስቲያኑ እሑድ እሑድ መቀመጫ እስኪጠፋ ይሞላል ይባላል። ሄዶ ያየ ግን የለም፤ ውይይት አለብን።