ቁራው ይጨርስልኝ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል። ድሮ በአንድ ጫካ ውስጥ ፍርድ ቤት ነበር፤ ወረቀት ግን አልነበረም። የተፈረደውን ሁሉ በቃሉ የያዘው ቁራ ነበር። የቆየ ፍርድ መጥቀስ የፈለገ ባለጉዳይ ቁራን ይዞ ይቀርባል፤ የድካሙንም ሾላ ያጎርሰዋል። ደግ ልማድ ነበር፣ ጠበቆች እስኪለምዱት ድረስ።

ክረምት ሊገባ ሲል እመት ጃርት ምግብ ፍለጋ ወጣ ባለችበት፣ አያ ከርከሮ ጉድጓዷ ገብቶ አደረና "ከእንግዲህ የእኔ ነው" አላት። እሷም ሦስት ጨቅላ ልጆቿን ይዛ ሜዳ ላይ ቀረች። ደመናው ከብዷል። ከተፈረደባት ልጆቿን የምታስጠጋበት ሌላ ቦታ የላትም። ከርከሮን ከሰሰች።

ከርከሮ ቀበሮን ጠበቃ አቆመ። ቀበሮም ጉሮሮውን ጠረገና ለዳኛው ለጎሽ እጅ ነሣ።

"ክቡር ዳኛ፣ ይህ ነገር ከዚህ በፊት በጅብና በጥንቸል ክርክር ያለቀ ነው። ቁራ ያሰማልን!"

ቁራ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። "ጉድጓድ ያደረበት እንጂ የቆፈረው አይደለም..."

ቀበሮ ትልቁን ሾላ አፉ ውስጥ ወተፈለት። "አበቃሁ፣ ክቡር ዳኛ!"

ዳኛ ጎሽ ደስ አላቸው። "እንዴት ያማረ ፍርድ ነው! እኔ ነኝ አይደል የፈረድኩት?"

"እርስዎ ነዎት እንጂ!"

"ገና ስሰማው አውቄዋለሁ። የእኔ አነጋገር ነው።"

ጃርት ግን ቁራውን አየችው፤ ጉርሻውን ለመዋጥ ይታገላል፣ አንገቱን ይወዘውዛል።

"ክቡር ዳኛ፣ ይታገሡኝ። ቁራው ይዋጥና ይጨርስልኝ።"

"ጨርሷል!" አለ ቀበሮ ፈጠን ብሎ።

ቁራ ግን ዋጠ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ቀጠለ። "...ይህን ያለው ጅብ ነው። ዳኛ ጎሽም 'በዕድሜዬ እንዲህ ያለ የማይረባ ክርክር ሰምቼ አላውቅም፤ ጉድጓዱ የቆፈረችው የጥንቸል ነው' ብለው ፈረዱ።"

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ጦጣማ ከዛፍ ወደቀች። ዳኛው ሁለት ጊዜ ሳሉና፣ "እኔስ ምን አልኩ? ይህንኑ አይደል እንዴ!" ብለው ለጃርት ፈረዱ። የመጀመሪያው ጠብታ ሳይወርድ ልጆቿን እያዳፋች አስገባች።

ከርከሮ ግን በቀበሮ ላይ ጮኸበት። "አንተ ሰውዬ! ፍርዱን እስከ መጨረሻው አልሰማኸውም ነበር?"

"ሰምቼዋለሁ" አለ ቀበሮ ጅራቱን እየጎተተ። "ፍርድ ቤት ውስጥ እስከ መጨረሻው የሚሰማ ሌላ ሰው ይኖራል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም።"