«የሚቀነሱ»

የመንግሥት ቃል ሲያጥር እፈራለሁ። እናንተስ? ረጅሙ ያሰለቻል እንጂ አያስደነግጥም። በደርግ ጊዜ «እርምጃ» የምትባል አጭር ቃል ነበረች፤ ዱሮ እግር ሲነሳና ሲጣል የምንላት፣ ኋላ ሬዲዮ ሲጠራት ሰው የሚያልቅባት። ከዚያ ወዲህ ድሬዳዋ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሁሉ ሁለቴ ይነበብ ነበር፤ መጀመሪያ የተጻፈው፣ ቀጥሎ ያልተጻፈው።

ያኔ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ቀበሌ ውስጥ ታይፕ መቺ ነበርኩ። የእስር ቅጣት መመሪያ ተሻሻለ ተባለ። ጠባዩ የተመሰገነ እስረኛ ቅጣቱ ይቀነስለታል፤ ቀበሌው የሚደግፋቸውን እስረኞች ስም ይለጥፋል፤ ተቃዋሚ ከሌለ ወደ ወህኒ ቤቱ ይልካል። ጥሩ ነገር ነበር፣ ለዚህም ነው ማንም ያላመነው። ምታ የተባልኩት ርዕስ «በተሻሻለው መመሪያ መሠረት ቅጣታቸው የሚቀነስላቸው እስረኞች ስም ዝርዝር» ይላል። በአንድ መስመር አልገባ አለኝ። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ላቤ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ ማን ሁለት መስመር ይመታል? «የሚቀነሱ እስረኞች» ብዬ ተገላገልኩ።

በማግስቱ ዘነበች መጣች። ባሏ ተካ የባቡር መካኒክ ነው፤ ከጅቡቲ አንድ ጣቃ ሐር በመፍቻ ሳጥኑ ሸሽጎ ሲመጣ ተይዞ ሦስት ዓመት ተፈርዶበት፣ ገና አንዱን መጨረሱ ነበር። ስሙ ከተለጠፉት ስድስት ስሞች ሦስተኛው ላይ ሰፍሯል።

የቀበሌውን ሊቀመንበር እንደ ድሬ ሰው «አንተ» ነው የምትለው። «አቦ፣ ተካን ከዚህ አውጣልኝ። ሦስት ዓመቱን ይጨርስ» አለችው።

የሚቀነሰው ቅጣቱ መሆኑን፣ ሰውየው በሳምንቱ ቤቱ እንደሚገባ አስረዳት። ፈገግ እያለ ነው ያስረዳት፤ ፈገግታው ነገሩን አባሰው።

«ቅጣት ስትቀንሱ አላየንም» አለች። «ሰው ስትቀንሱ ነው ያየነው።»

ሊቀመንበሩ ዝርዝሩን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። «ቅጣታቸው» የምትለዋን ቃል የበላኋት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ግን በዚያ ዘመን የታይፒስት ስህተት ስህተት አይባልም፣ አሻጥር ነው የሚባለው። ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። ሊቀመንበሩም እሷን ከማሰር ስሙን መሰረዝ ቀለለው መሰለኝ፣ ሰርዝ አለኝ። በተካ ስም ላይ ኤክስ ደረደርኩበት፤ ዘነበች አጠገቤ ቆማ አንድም ፊደል እንዳይታይ አድርጋ አስጨረሰችኝ።

የቀሩት አምስቱ በሳምንቱ ቤታቸው ገቡ። ዘነበች አንዱን መጋላ ገበያ ውስጥ ቲማቲም ሲመርጥ አይታ፣ ለማሳያ ነው የለቀቁት አለች።

ተካ ሁለቱን ዓመት አንድ ቀን ሳይጎድል ጨርሶ ወጣ። ልናዘዝለት ቆርጬ ልጠይቀው ሄድኩ። ከስቷል፣ ጸጉሩ ነጭ ሆኗል።

«ዘነበች ባትደርስልኝ ተቀንሼ ነበር እኮ» አለኝ።

አምስቱም በሕይወት እንዳሉ፣ አንዱ እንዲያውም ጎረቤቱ እንደሆነ ነገርኩት። ተካ ወደ አጥሩ ማዶ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ገና ተራቸው አልደረሰ ይሆናል» አለ። ቀጥሎም፣ «ለመሆኑ ያን ዝርዝር የጻፈው ማን ነው?»

«እንጃ» አልኩት። ማሳጠር ለምዶብኛል።