የሽማግሌዎቼ ሁለት መኪኖች

ሐበሻ ስለ መኪና ሲከራከር ስለ መኪና ብቻ የሚከራከር ከመሰላችሁ የዋህ ናችሁ። በደርግ ጊዜ ሮማ የነበርን ሰዎች ስለ መንግሥት ጮክ ብለን አናወራም ነበር፤ አጠገባችን ማን እንደተቀመጠ አይታወቅማ! ስለ መኪና ግን እንደ ልባችን ነበርን።

ጋሽ ወልዴ በንጉሡ ጊዜ ቤተ መንግሥት የሠሩ ሰው ናቸው፤ መኪናቸውም የዚያው ዘመን ፊያት ሰይቼንቶ፣ ሞተሩ ከኋላ። ጋሽ ታምራት ደግሞ አብዮቱ ለትምህርት ልኮት እዚያው የቀረ፣ ግን አብዮቱን ሲነኩበት የማይወድ ነው። የሱ መኪና አዲስ ዘመን ያመጣት ፊያት ቼንቶቬንቶቶ ናት፤ ሞተሯ ከፊት።

«ከኋላ የሚገፉት መኪና መንገዱን በምን ያየዋል?» ይላል ጋሽ ታምራት።

«ያንተስ? ሲጋጭ መጀመሪያ የሚደቅቀው ሞተሩ አይደል?» ይላሉ ጋሽ ወልዴ።

«አሎራ!» ብሎ ጋሽ ታምራት በጣሊያንኛ «እና ታዲያ!» እንደማለት ይነሣል። ሁላችንም ስለምን እንደሚወራ ገብቶናል።

ጣጣው የመጣው እኔ ጽጌን ላግባ ስል ነው። አባቷ እዚያው ሮማ የሚኖሩ ጡረተኛ ሻለቃ፣ ቁጡ፣ እርስ በርስ የማይዋደዱ ሽማግሌዎችን ከደጅ የሚመልሱ ናቸው። አንዱን ልኬ ሌላውን ብተው ደግሞ ግማሹ ሐበሻ ያኮርፈኛል። ሁለቱንም ለመንኩ፤ ለማስታረቂያ ለትምህርት የመጡትን ቄስ አባ ፍሥሐን ጨመርኩ።

በቀጠሮው ቀን ሁለቱም መኪናቸውን አጥበው ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ አቆሙ፤ ሁለቱም በር ከፈቱ።

«አባ፣ ይግቡ!»

«ኧረ በእኔ ይሁን፣ አባ!»

አባ አንዱን በር አዩ፣ ሌላውን አዩ። በአንዱ ቢገቡ ሌላው እንደተዋረደ ሊቆጥረው ነው። ይሉኝታን የሚያስጥል የካህናት ትምህርት ቤት ገና አልተከፈተም።

«እኔን እንኳ መኪና ያዞረኛል፤ የሚስማማኝ አውቶቡስ ነው» አሉ። ውሸታቸውን ነው። ቄስ በአውቶቡስ ልኮ በመኪና መከተል ደግሞ ነውር ነውና ሁለቱም መኪናቸውን ቆልፈው ተከተሏቸው። እኔ አለቀልኝ ብዬ ጭንቅላቴን ያዝኩ።

ሻለቃው በረንዳ ላይ ሆነው ሲጠብቁ፣ ጋሽ ወልዴ የጋሽ ታምራትን ክንድ ተደግፈው ከአውቶቡስ ሲወርዱ አዩ። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው፤ እሳቸው ግን ገና ከበር «ቁጭ በሉ!» አሉ። «እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ያሳፈረ ልጅ ትዳርም ይችላል» ማለታቸውን ጽጌ ነገረችኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ምንም!

የሠርጉ ዕለት ሁለቱም መኪናቸውን አጥበው፣ ሪባን አስረው ደጃፉ ላይ ቆሙ፤ ሁለቱም በር ከፈቱ። ሻለቃው ከበረንዳ ያዩናል። ጽጌ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

እንግዲህ እንደ ወንድም ልምከራችሁ፦ ቬሎ ለብሳ አውቶቡስ የምትሳፈር ሙሽራ ካለቻችሁ በመካከለኛው በር አስገቧት። መውረጃ ነው ቢሏችሁም አትስሙ፤ ሰፋ ይላል።