የቫኒቲ ገጣሚ

የተማረ ሰው ሥዕል ፊት ከቆመ የሚያየው ራሱን ነው። ፊደል የቆጠርኩት ሚስት አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ ስለሆነ ምቀኝነት ነው ትሉኝ ይሆናል። በሉ።

ባለፈው እሑድ ለልጄ ለሐና ሽማግሌ ተላከ። ሦስት ሆነው እዚህ ባሕር ማዶ፣ ላንድማርክ ሰፈር ያለው አፓርታማችን መጡ። መሪያቸው የጠያቂው ልጅ አጎት፣ የሲልቨር ስፕሪንጉ ዶክተር መኩሪያ ናቸው።

ሳሎናችን ግድግዳው ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁን ዊተን ካለ አሮጌ ዕቃ መሸጫ በገዛሁት ሥዕል ሸፍኜዋለሁ። የሰው ራስ ቅል፣ የጠፋ ሻማ፣ የጠወለገ አበባ፣ የተከመረ መጽሐፍ… ዶክተሩ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ሥዕሉ ፊት ተገተሩ።

«ይሄ እኮ ቫኒታስ ነው፤ የከንቱነት ሥዕል። የባሮክ ዘመን ሥራ፤ መዳብ ላይ ተቀርጾ የታተመ። ቫኒቲ የሚለውን ቃል ያውቁታል?»

«ቫኒቲማ እንጀራዬ ነው። በቀን ሦስት እገጥማለሁ።»

«ገጣሚ ነዎት?»

«የባኞ ቤት ገጣሚ። ሲንኩን ከነቁም ሣጥኑ፣ መስተዋቱን ከላይ።»

ፈገግ አሉ፤ ያቺን ለመሃይም የተቀመጠች ፈገግታ። ከዚያ ያስተምሩኝ ጀመር። ራስ ቅሉ ሞት፣ ሻማው ዕድሜ፣ አበባው ቁንጅና ነው። «መጻሕፍቱ ደግሞ የዕውቀት ከንቱነት ናቸው። ተማርኩ ብሎ የሚኮራ ሰው ከንቱ ነው ማለት ነው።»

አንጀቴን አራሱት። ለካ ሰው ናቸው አልኩ።

ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «አቶ መኩሪያ፣ አረፍ ይበሉ እንጂ» አለች።

«ዶክተር» አሉ፣ ዞር ሳይሉ።

ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የእኛ ልጅ ፒኤችዲውን እየጨረሰ ነው። ለመሆኑ የልጅቷ ዲግሪ ምንድን ነው?»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ማለት ይሄኔ ነው። ሐና ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ ዲግሪ የላትም። ኮሪደሩ ላይ ቆማ በዓይኗ «ዳዲ፣ ፕሊስ» ትለኛለች። ልጁን ትወደዋለች፤ የእኔን ምላስ ደግሞ ታውቀዋለች። ዋጥኩት፣ ዋጥኩት… እናንተስ ብትሆኑ ይዋጥላችሁ ነበር?

«ዶክተር፣ ይሄ ራስ ቅልስ ዲግሪው ምን ነበር?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ጫማቸውን ያጠኑ ጀመር። ሐና ፊቷን ሸፈነች። ዶክተሩ ግን ወንበራቸውን ወደ ሥዕሉ አዞሩ።

«ግሩም ጥያቄ ነው። ይህን ያህል ጠልቆ የሚያይ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም» ብለው ጓዳ ያለው ወጥ ቀዘቀዘ እስኪባል ሥዕሉን ተነተኑልን። ሲጨርሱም «ከእንዲህ ያለ አስተዋይ ቤተሰብ ጋር መዛመድ ክብር ነው» አሉ። የሐናን ዲግሪ ረስተውታል።

ልጄን ሰጠሁ። መሰደቡን የሚያውቅ ሽማግሌ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ቆማ ትቀር ነበር። ዕድሜ ለትምህርት።